ጊታሪስታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ባንዱ ይቀጥል ወይስ ይብቃው?

ከዚራ_ጥላ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

ሰላም የአገሬ ልጆች። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

አራት ነበርን። ሳቢያን ውስጥ ከአጎቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጀርባ አንዲት መጋዘን አለች፤ የምንለማመደው እዚያ ነበር። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈናል፣ በሩ ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ። ያም ሆኖ ድምፁ ይወጣል። የምንጫወተው ጎቲክ ሜታል ነው። ለማታውቁት፦ ጊታሩ ከባድ ነው፣ ይጎተታል፣ ዜማው ጨለምለም ያለ ነው፣ ኪቦርድ ይገባበታል፣ ግጥሙ ስለ ሞትና ስለ መለየት ነው። ፓራዳይዝ ሎስት የሚባሉት እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1991 «ጎቲክ» የሚል አልበም አወጡ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ነው የተለመደው። ድሬ ላይ በዚያ ሙቀት ጥቁር በጥቁር ለብሶ ስለ በረዶ መዝፈን ያስቃል። እናውቃለን። ራሳችንም ስንስቅ ነው የኖርነው።

ጊታሪስታችን ባለፈው ግንቦት አረፈ። ሕመም ነው፤ ዝርዝሩን ልተወው። ዘፈኑን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነበር፤ እኔ ማይክ የምይዝ ነኝ እንጂ ሁለት ኮርድ ማገናኘት አልችልም። ከአርባው ወዲህ መጋዘኗን ከፍተናት አናውቅም። ድራመሩ «በቃ፣ አብሮት ተቀብሯል» ይላል። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጅ ደግሞ «በስሙ እንቀጥል» ትላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ እናቱ ጠሩኝና ጊታሩን ከነቦርሳው በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ግድግዳው ላይ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባብኛል፣ አንተ ዘንድ ይሁን» አሉኝ። እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ስልኬ ላይ ደግሞ አንድ ያላለቀ ዘፈን አለ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። እሱ ብቻውን ይጫወታል፣ ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል፣ ከዚያ ያቆምና «ቆይ፣ ሁለተኛዋ ክር ወርዳለች» ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አንድ ባንድ እንዲህ ያለ ሰው አጥቶ ሲቀጥል ክብር ነው ወይስ በሙት ስም መነገድ? የምታውቁትን ታሪክ አምጡልኝ። «ጊዜ ይፈውሳል» አትበሉኝ ብቻ፤ ጠግቤዋለሁ።

ሳቢያን_ማታ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:52)

አቦ እናንተ ናችሁ እንዴ! ከመለዋወጫው ጀርባ! እናቴ እኮ ሁለት ጊዜ ጠበል ልትረጭ መጥታ አጎትህ ነው የመለሳት 😂

ወንድሜ ነፍስ ይማር። ያን ልጅ ሳላውቀው አልቀርም፣ ረጅም፣ ጊታሩን ይዞ ባጃጅ ላይ ሲወጣ ጫፉ በመስኮት የሚወጣበት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ ሙዚቃው ምንም አልልም፣ አይገባኝም።

ጀጎል_ጨረቃ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:31)

ነፍሱን ይማርልህ ከዚራ። እኔ ሐረር ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ። ሐረር ውስጥ ይህን ሙዚቃ የምንሰማ ሰዎች በአንድ ባጃጅ እንጠቃለላለን፣ ስለዚህ ጽሑፍህን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

የስዋሎው ዘ ሰንን ታሪክ ልንገርህ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ፊንላንዶች ናቸው፤ ዩቫስኩላ በሚባል ከተማ በ2000 ነው የጀመሩት። መሥራቹ ጊታሪስቱ ዩሃ ራይቪዮ ነው፤ ዘፈኖቹን የሚጽፈውም እሱ ነው። ድምፁ ሚኮ ኮታማኪ ነው። ራይቪዮ አሊያ ስታንብሪጅ የምትባል ደቡብ አፍሪካ የተወለደች ዘፋኝ አፍቅሮ አብረው ይኖሩ ነበር። ትሪስ ኦፍ ኢተርኒቲ የሚባል ሌላ ባንድም አብረው መሠረቱ። የእሷ ድምፅ ጮክ አይልም። ጆሮህ ሥር ቁጭ ብላ የምታወራህ ነው የሚመስለው።

ስዋሎው ዘ ሰን በኅዳር 2015 ሦስት ሲዲ ያለው አልበም አወጡ፤ እሷም አንድ ዘፈን ላይ አለችበት። በአምስት ወሩ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016፣ በካንሰር ሞተች። 39 ዓመቷ ነበር። የትሪስ ኦፍ ኢተርኒቲ የመጀመሪያ አልበማቸው እሷ ከሞተች በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወጣ። ሠርተው ጨርሰውት እሷ ግን በእጇ ሳትይዘው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ በል። ሰውየው መጀመሪያ ባንዱን አልነካም። እሷ ትታቸው የሄደችውን ግጥሞች ሰብስቦ ሃላታር የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ሠራ። አሞርፊስ የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ቶሚ ዮውትሰን ዘፈነው፤ ሂም ከሚባለው ባንድ የወጣው ጋዝ ሊፕስቲክ ከበሮ መታ። በ2017 ወጣ። ወደ ስዋሎው ዘ ሰን የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 21 ቀን 2018፣ በእነሱ አገር ሌሊቱ ከሁሉ በሚረዝምበት ዕለት፣ ከ13 ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ሥራ ብቻ ለቀቁ። ዘፈን ለማለት ይከብዳል፣ እሪታ ነው። አንድ ጊዜ ሰምቼው ሁለተኛ አልደገምኩትም። ከወር ትንሽ አለፍ ብሎ በጥር መጨረሻ ዋናው አልበም ወጣ፤ እሱ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ቫዮሊን አለው፣ ሚኮ ብዙውን ቦታ ሳይጮህ ነው የሚዘፍነው። የአልበሙ ርዕስ ራሱ ከእሷ የግጥም ስንኝ የተወሰደ ነው።

ይሄ የለቅሶ ቤት ሥርዓት አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ቀን እሪታ ነው፣ ደረት መምታት ነው። ከሰልስት በኋላ ሰው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀስታ ያወራል፣ አልፎ አልፎም ይስቃል። ሰውየው የአገራችንን ለቅሶ አያውቅም፣ ግን ቅደም ተከተሉን አልሳተውም።

በ2021 ደግሞ ሌላ አልበም አወጡ። ሽፋኑ ላይ ያለችውን ጨረቃ ራይቪዮ በራሱ ደም ነው የሳላት፣ ዙሪያዋን በደረቁ አበቦች አስጊጦ። ይህቺኛዋ ትንሽ በዛች ብዬ አስባለሁ። ግን ማን ነኝ እኔ። በ2024 ያወጡት ከሁሉም ቀለል ያለ ነው፣ ብርሃን አለው። «ለሰለሱ» ብለው የተቆጡ አድናቂዎች አሉ። ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ከል አይለብስም አቦ፣ ይውጣ እንጂ።

ቤዝ_ብቻ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15)

ጀጎል ጥሩ ጽፈሻል፣ ግን አንድ ነገር አደባለቅሽ። አሊያ የስዋሎው ዘ ሰን አባል አልነበረችም። እንግዳ ሆና የዘፈነች፣ የጊታሪስቱ የሕይወት አጋር ነበረች። ባንዱ የጎደለው አባል የለም። የከዚራ ጥያቄ ሌላ ነው። የእነሱ ዘፈን ጸሐፊ ነው የሞተው። ያ ከሆነ ትክክለኛው ምሳሌ ታይፕ ኦ ኔጌቲቭ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ ነው።

ፒተር ስቲል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈ፣ ሙዚቃው እንጀራ ከመሆኑ በፊት የኒው ዮርክ መናፈሻዎች ሠራተኛ የነበረ ሰው። ቤዝ ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፣ ይጽፋል። በ1993 ያወጡት አልበም ነው ጎቲክ ሜታልን አሜሪካ ውስጥ ያስገባው። በሚያዝያ 2010 ሞተ፣ 48 ዓመቱ። ቀሪዎቹ ምን አደረጉ? ዘጉት። በቃ። ተተኪ ዘፋኝ አልፈለጉም፣ የመታሰቢያ ዙር አላሉም። ኪቦርዲስቱ ጆሽ ሲልቨር ከሙዚቃው ወጥቶ የአምቡላንስ ሕክምና ሠራተኛ ሆነ። ጊታሪስቱ ኬኒ ሂኪና ድራመሩ ጆኒ ኬሊ ተጫወቱ፣ ግን ሲልቨርቱም በሚባል ሌላ ስም።

ክብር ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ሱቁ ባለቤቱ ከሞተ ይዘጋል። ድራመራችሁ ልክ ነው።

ቁቲ_ጠጪ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:03)

እኔ ሜታል ሰምቼ አላውቅም፤ ትናንት በጀጎል ምክንያት ገብቼ ሰማሁ፣ ራሴን አመመኝ። ግን አንድ ነገር ልበል።

አያቴ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ከሩቅ ቀዬ ሁሉ ይወስዷት ነበር። ሙሾ ስታወርድ ግጥሙን እዚያው ነው የምትፈጥረው፤ ሟቹ እንዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚወድ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር ታስገባዋለች። ገንዘብም ይሰጧታል። ማንም «በሙት ነገደች» ብሏት አያውቅም። ነገር ግን አንድ ደንብ ነበራት። የአንዱን ሙሾ ለሌላው አትደግምም። «የሰው ከል አውልቄ ለሌላ አላለብስም» ትል ነበር።

ስለዚህ ከዚራ፣ ስለ እሱ የምትዘፍኑ ከሆነ ዝፈኑ። የእሱን አሮጌ ዘፈኖች ይዛችሁ ሆቴል ለሆቴል የምትዞሩ ከሆነ ግን እኔ እንጃ።

ሳቢያን_ማታ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:10)

ሆቴል ለሆቴል?? ይህን ሙዚቃ ከዚራ ያለ ሆቴል ውስጥ ብትመቱት ሰው ምሳውን ትቶ ነው የሚሮጠው። በዚህ በኩል ስጋት አይግባሽ።

ከዚራ_ጥላ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:20)

ሳቢያን አሳቅከኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁቲ፣ የአያትሽን ነገር ለኪቦርዷ ልጅ አነበብኩላትና አለቀሰች።

ቤዝ_ብቻ፣ አንተ ያልከውን ድራመራችን ቢያነብ ያቅፍሃል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። የፒተር ስቲል ባንድ ሰባት አልበም አውጥቶ ነው የተዘጋው። ያለው ነገር ተሰምቷል። የእኛ ልጅ አምስት ዘፈን ሠርቶ አምስቱንም ከመጋዘኗ ውጭ የሰማቸው ሰው ሠላሳ አይሞላም። ያልተከፈተ ሱቅ እንዴት ይዘጋል?

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ማታ ጀጎል የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ጊታሩን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። ቦርሳው ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ «ሲ» ብሎ ጽፏል፣ በትልቁ። የድሮዎቹ አምስት ዘፈኖች በሙሉ ዲ በሚባለው ድምፅ የተቃኙ ነበሩ፤ ስለዚህ ይሄ የአዲሱ ዘፈን ቅኝት መሆኑ ነው ብዬ የሰፈር ልጅ ጠርቼ በስልክ ቱነር (ክር መቃኛ አፕ) ሁሉንም ክር ወደ ሲ አወረድነው። ከስልኬ ቅጂ ጋር አብረን ስንመታው ግን አይገጥምም። ቅጂው ዝቅ ይላል። ትንሽ ነው፣ ግን ጥርስ የሚያፋጭ ትንሽ ነው። ሙቀቱ ክሩን አርግቦበት ይሆን? ወይስ ስልኬ ነው ያበላሸው?

ቤዝ_ብቻ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:48)

ስልክ እንዲህ አያደርግም። ሙቀትም አንዱን ክር ያወርዳል እንጂ ስድስቱን እኩል አያወርድም። ቅጂውን ላከው እስቲ።

ስለ ሱቁ ያልከው ነክቶኛል፣ አልዋሽም። ግን አሁንም ስሙን ቀይሩ ነው የምለው። ኤሲ/ዲሲ የሚባለውን የሮክ ባንድ አታምጡብኝ።

ጀጎል_ጨረቃ (ረቡዕ፣ ማታ 1:30)

እኔ ነኝ የማመጣብህ! ዘፋኛቸው ቦን ስኮት በየካቲት 1980 ሞተ። በአምስት ወሩ፣ በሐምሌ፣ ከተተኪው ዘፋኝ ከብራያን ጆንሰን ጋር አዲሱን አልበም አወጡ። ሽፋኑ ጥቁር፣ ለከል ነው ያሉት። ሲጀምር የቀብር ደወል ነው የሚደወለው። ዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። ስም አልቀየሩም፣ ማንም አልሰደባቸውም።

ቤዝ_ብቻ (ረቡዕ፣ ማታ 1:41)

አመጣሽው 🤦 እሺ፣ እኔም ላምጣ። ጆይ ዲቪዥን የሚባለው ባንድ። በዚያው በ1980፣ ግንቦት ላይ፣ ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ ሞተ። ቀሪዎቹ ስሙን ትተው ኒው ኦርደር ተባሉ፣ ሙዚቃቸውንም ቀየሩ፣ ከድሮው በላይ ታወቁ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ባንድ፣ ሁለት መንገድ። አሊስ ኢን ቼይንስ ደግሞ ዘፋኛቸው ሌይን ስቴሊ በ2002 ከሞተ በኋላ አዲስ አልበም እስከ 2009 አላወጡም። ሰባት ዓመት። አምስት ወር ለቅሶ ነው? አርባውን እንኳ ሳያወጡ ስቱዲዮ የገቡ ነው የሚመስለኝ።

ጀጎል_ጨረቃ (ረቡዕ፣ ማታ 1:55)

የለቅሶ ሰዓት ቆጣሪ ማን አደረገህ? አንዱ አርባ ቀን ይተኛል፣ ሌላው በሦስተኛው ቀን ሱቁን ይከፍታል፤ ካልከፈተ ያብዳላ። አባቴ እናቴ ስትሞት በሳምንቱ ጠዋት ፉል ቤት ሄዶ ቁጭ አለ። ሰው አማው። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ሁለት ሳህን ነበር የሚያዘው።

ቤዝ_ብቻ (ረቡዕ፣ ማታ 2:20)

…እሺ። ይቅርታ።

የለገሃር_ባቡር (ሐሙስ፣ ጠዋት 1:05)

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዕድሜዬ ስልሳ ሰባት ነው፣ ጣቴም ቀስ እያለ ነው የሚጽፈው።

የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ትራምፔት ነፍቻለሁ። አኮርዲዮን የሚጫወት ጓደኛ ነበረን፤ ከእሱ የተሻለ በድሬዳዋ አልነበረም። አንድ ማታ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሞተ አልተባለም፣ ኖረም አልተባለም። ወንበሩን ባዶ አድርገን ሁለት ወር ተጫወትን። የእሱ ክፍል ሲደርስ ማንም አይነፋም ነበር፤ ከበሮው ብቻ ይቀጥላል። ሕዝቡም ገብቶት ዝም ይላል። በሦስተኛው ወር ካድሬው መጥቶ «ይህች ወንበር ምንድን ናት?» አለና አነሳት። እዚያን ቀን ነው ባንዱ የፈረሰው ብል አልዋሸሁም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብንጫወትም።

ማጣት ሞት ብቻ አይደለም ማለቴ ነው። የዋሊያስ ባንድ ልጆች አሜሪካ ለሥራ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርዲስታቸው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይጫወት ነበር አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንጆቹ የድሮ ካሴቱን አሳተሙለት፣ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ።

የራሳችንንም አትርሱ። አፍረን ቀሎ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማ ነው የተመሠረተው። ዓሊ ቢራ የገንደ ቆሬ ልጅ፣ ገና በአፍላነቱ ነው የገባው። መንግሥት አልወደደውምና ቡድኑ ተበተነ። ዓሊ ግን ዘፈኑን ይዞት ሄደ፤ ዕድሜ ልኩን። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያርፍም ወደዚሁ ወደ ድሬ ነው የመጣው። ዛሬ ሰርግ ቤት የሚዘፍኑት ልጆች አፍረን ቀሎ የሚባል ባንድ እንደነበር እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ዘፈኑ ግን አለ።

የእናንተን ሙዚቃ ሰማሁት። ጩኸቱን ትቼ ኪቦርዱን ስከተል ትዝታ ነገር አለበት። ክፉ አይደለም።

ሳቢያን_ማታ (ሐሙስ፣ ጠዋት 1:22)

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ልብ አላችሁ? አንዱ ኪቦርዲስት አምቡላንስ፣ አንዱ ኪቦርዲስት ታክሲ። ኪቦርድ የምትጫወተው ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ታውጣ 😂

ከዚራ_ጥላ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:00)

ጋሼ፣ የወንበሯን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለድራመሩም ላክሁለት። «አየሁት» ብቻ አለ። እሱ «አየሁት» ካለ ብዙ ነው።

ቅጂውን እዚህ ለጥፌዋለሁ። ጆሮ ያላችሁ ስሙት። እባካችሁ ሌላ ቦታ አታሰራጩት፣ እናቱ አልሰሙትም።

የለገሃር_ባቡር (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:37)

ልጄ፣ ሰማሁት። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ልጅ ሙዚቃ መጀመሪያ ያስተማረው ማን ነው?

ከዚራ_ጥላ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4:50)

ልጅ ሆኖ ኪቦርድ ነው የተማረው ጋሼ። ከዚራ ከአንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ቤት። በጣም ጥብቅ ነበሩ ይል ነበር፣ በፈረንሳይኛ ነው የሚቆጡት። ለምን?

የለገሃር_ባቡር (ሐሙስ፣ ጠዋት 5:02)

ገምቼ ነበር። እኛም እንዲያ ነው የተማርነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። የምድር ባቡር ሰዎች ሌላ አያውቁም።

ስልካችሁ ላይ ያለው ቱነር የእንግሊዝ ፊደል ነው የሚያሳያችሁ። በእሱ ሲ የሚባለው ለእኛ ዶ ነው። የእኛ ሲ ደግሞ እዚያ ቢ ተብላ ነው የምትወጣው። ከዶ በግማሽ ድምፅ ታንሳለች። ልጁ ቦርሳው ላይ የጻፈው የመምህሩን ሲ ነው።

ቤዝ_ብቻ (ሐሙስ፣ ጠዋት 5:06)

ኧረ ወላሂ!

ጋሼ እጅዎን ይስጡኝ ልሳመው። አሁን በቤዝ አረጋገጥኩት፣ ቢ ነው። ባለ አምስት ክር ቤዝ የመጨረሻዋ ወፍራም ክር ቢ ነችና ክፍቷን ስመታት ከቅጂው ጋር እንደ ቁልፍና ጋን ገጠመች።

ከዚራ፣ «ሁለተኛዋ ክር ወርዳለች» ያለውም አሁን ገባኝ። ለዲ የታሰረ ቀጭን ክር ወደ ቢ ስታወርደው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይረግባል፣ ቅኝት አይዝም። አስቦበት ነው፣ ግን ወፍራም ክር አላገኘም።

ከዚራ_ጥላ (ዓርብ፣ ማታ 4:15)

ትናንት አልጻፍኩም። ይቅርታ።

ማታ ሦስታችንም መጋዘኗ ሄድን። ድራመሩ ሳንጠራው ነው የመጣው። ቁልፉ ዝጎ አጎቴ በዘይት ከፈተልን። ውስጡ እንደተውነው ነው፤ ወለሉ ላይ የእሱ ሃይላንድ፣ ግማሹ ውሃ እንዳለ። ማንም አላነሳውም።

ጊታሩን የሰፈሩ ልጅ ያዘው፣ ወደ ቢ አወረድነው። እኔ ቅጂው ላይ እያፏጨ የሚያልፈውን ዜማ ዝም ብዬ ተከተልኩት፣ ቃል የለውም ገና። ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ አለ። ረቡዕ በተሳሳተው ሲ ስሞክረው ድምፄ እዚያ ላይ ሲሰነጠቅ ነበር፤ ሁሌም እዚያ አካባቢ ይሰነጠቃል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ «እዚህ ቦታ አልደርስም፣ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ» ብዬው ተኮራርፈን ነበር። «እናያለን» አለኝ ያኔ። ትናንት ደረስኩ። ሳልጮህ ነው የደረስኩት።

ኪቦርዷ ልጅ አቆመች። ድራመሩ ግን አላቆመም።

ስሙን ምን እንደምናደርገው አልተነጋገርንም። እናቱ ጋ ዛሬ ሄጄ ነበር። ሙት ዓመቱ ላይ ከጸሎቱ በኋላ ግቢው ውስጥ ብንጫወተው ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው። «ያቺ የምትጮኸዋን ነው?» አሉኝ። አይ እትዬ፣ ይቺ ቀስ የምትለዋ ናት አልኳቸው። «እሱ ጀምሮት ከሆነ ጨርሱት እንጂ፣ እሱ ሥራ ግማሽ ላይ ትቶ አያውቅም ነበር» አሉኝ። ቅጂውንም አሰማኋቸው። ባጃጁ ጡሩምባ ሲነፋ ፈገግ አሉ።

አሁን የቀረን ክር ነው። ዲ ላይ የነበረው ክር ሦስት ጊዜ ወረደብን። ድሬ ላይ ዞርኩ፣ ቀጭን ብቻ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የሚያውቅ አለ?

ቤዝ_ብቻ (ዓርብ፣ ማታ 4:28)

እኔ ጋ አለ። ውፍረቱ ከ12 እስከ 60 የሆነ ሙሉ የጊታር ክር፣ ያልተከፈተ። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ያመጣልኝ ነው፣ አንድ ቀን ጊታር እገዛለሁ ብዬ አስቀምጬው ነበር። ነገ ታይዋን መግቢያው ጋ እንገናኝ፣ እሰጥሃለሁ።

ለልምምድ ስንት ሰዓት ነው የምትገቡት? ቤዝ የሚመታ አላችሁ?

ከዚራ_ጥላ (ዓርብ፣ ማታ 4:31)

የለንም። ኪቦርዷ ልጅ በግራ እጇ ነው የምትሸፍነው።

ነገ 10 ሰዓት፣ መብራት ካለ።

ሳቢያን_ማታ (ዓርብ፣ ማታ 4:33)

መብራት ከጠፋ የእኛ ቤት ጀነሬተር አለ። እናቴን እኔ አናግራታለሁ።